አምስት እናት ያለው ልጅ

በማዋለጃ ሆስፒታሉ ውስጥ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ምናልባት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ፣ «እትዬ ተረከዝ» ይላታል። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣ ግን ለማንም ግልጽ ነው። በዚያ ሆስፒታል የተወለደ ሕፃን ሁሉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። ትንሿን እግር በሞቀ ጨርቅ ጠቅልላ ታሞቃለች፤ ተረከዙን በጎን በኩል ጠቅ ታደርገዋለች፤ ደሙን በካርዱ ላይ በተሳሉት ክቦች ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ሕፃኑ ይጮሃል። እናት ፊቷን ታዞራለች። አባት ካለ ደግሞ ደመኛውን እንዳገኘ ሰው ያፈጥጥባታል።

«ልጄ ምን በደለሽ?» ያላት አባት ነበር አንድ ጊዜ።

«እኔንማ አልበደለኝም። እሱ እንዳይበደል ብዬ ነው» አለችው፤ ቀና ሳትል።

በካርዱ ላይ የደረቀው ደም ወደ ማዕከላዊው ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ የሚፈለገው ዐይን የማያየው በሽታ ነው። አንደኛው የአንገት ዕጢ መስነፍ ነው። ዕጢዋ ሥራዋን በወጉ ካልሠራች ሕፃኑ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ አእምሮው ግን ጊዜ በገፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱ አንዲት ሚጢጢ ክኒን ናት። ካልተደረሰበት የሄደው አይመለስም።

እትዬ ተረከዝ ይህን የምታውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከቤቷ ፊት ለፊት የምትኖር አንዲት ልጅ አለች፤ ዕድሜዋ ለአቅመ ሔዋን የደረሰ፣ ንግግሯ ግን የሕፃን። ምርመራው ሳይጀመር የተወለደች ናት። ጠዋት ጠዋት አጥሩን ይዛ «ደና ዋይ» ትላታለች፤ ሁለቱን ቃል ለማውጣት ከንፈሯ ሲታገል ያሳዝናል። እትዬ ተረከዝ መልሳላት ታልፍና መንገዱን እስክትሻገር ድረስ ትጸልያለች። ጸሎቷ ስለ ልጅቷ ብቻ አይደለም፤ በዕለቱ ስለምትወጋቸው ተረከዞችም ጭምር ነው።

የድሮው አሠራር ለጸሎት የሚያበቃ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት በፖስታ ይመጣል፤ ሲመጣ እናትየው ሰፈር ቀይራለች፣ ስልኳ ጠፍቷል፣ ወይም ቁጥሩ የባሏ ወንድም ሆኖ እሱ ደግሞ ከባሏ ጋር ተኳርፏል። እትዬ ተረከዝ በእግሯ ትፈልጋለች። አናጢው ባሏ ጫማዋን እያገላበጠ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ተረከዝ ስትወጊ የራስሽ ተረከዝ አለቀልሽ እኮ» ይላታል። ይስቃል እንጂ ጫማውን ወደ ጫማ ሰፊ የሚወስደው እሱው ነው።

ስለዚህ የልደት ምዝገባው በኮምፒውተር ሆኖ ከደም ምርመራው ጋር ሊያያዝ ነው ሲባል እንደ ልጅ ደስ አላት። ስልጠናው ላይ ከፊት ተቀምጣ የሰማችው ሁሉ የልቧን ነበር። ልጁ እንደተወለደ ይመዘገባል፤ የደም ካርዱ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ይገባል፤ ውጤቱ ሲደርስ ራሱ ሄዶ የልጁ መዝገብ ላይ ያርፋል፤ የእናትየው ስልክ ከጎኑ አለ። መፈለግ ቀረ፣ መንከራተት ቀረ ተባለ። ወረቀትም ቀረ ተባለና እሷ የእናቶችን ስም ጽፋ የምታስቀራቸው የካርድ ጉርዶች ተሰብስበው ተወሰዱ። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለባሏ፣ «ተመስገን በል፤ ከእንግዲህ ጫማዬ ዓመት ይቆያል» አለችው።

ሲስተሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት በኮምፒውተሯ ላይ ቀይ መስመር መጣ። ወንድ ልጅ፤ የአንገት ዕጢ፤ አስቸኳይ። ደነገጠች፤ ግን ደግሞ ለዚህ ቀን አይደል ይህ ሁሉ የተደከመው ብላ ስሙን ከፈተች።

ስም፦ ገና። የአባት ስም፦ ገና። የአያት ስም፦ ገና።

መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች። ያው ነው። ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ የባሰው መጣ። በእናት ስም ቦታ የተደረደሩት ሴቶች አምስት ናቸው። ከስማቸው ሥር ሲስተሙ ሥራውን በኩራት አስታውቋል፦ «ተመሳሳይ መዝገቦች ተዋህደዋል»።

ኮሪደሩን እንዴት እንዳቋረጠችው አታውቅም። የልደት መዝጋቢው በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ማኅተም እየጠራረገ ነበር። ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው።

«አንተ፣ ልጁን ገና ብሎ የሚሰይም ወላጅ የትኛው ነው?»

«ማንም አልሰየመውም እትዬ። ስም አልወጣለትም ለማለት እኮ ነው። የስም ቦታው ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፍም። አዋላጆቹ ‹ስሙ ማነው?› ሲሉ እናትየዋ ‹ገና ነው› ትላለች። የተባሉትን ጻፉ።»

«አባቱም ገና ነው? ወልዶ የለም እንዴ?»

«እሱማ ወልዷል» አለ መዝጋቢው በሀዘን። «ግን ሌላ ምጥ ሲጣራ አዋላጇ ምን ታድርግ? አንዱን ከጻፈች ሁሉንም ትሞላዋለች።»

«አያቱንስ?»

«ያም ቦታ ባዶ አይወድም እትዬ።»

እትዬ ተረከዝ ራሷን ያዘች። ከዚያ «ኔትወርክ» የሚሉትን የኮምፒውተር ባለሙያ መፈለግ ጀመረች። ኔትወርክ የተባለው በሙያው ብቻ አይደለም፤ ሲፈልጉት ስለማይገኝና ሲገኝም መሃል ላይ ስለሚቋረጥ ነው። ጄኔሬተሩ ጋ፣ ጥላ ሥር፣ ስልኩን ሲጎረጉር አገኘችው።

«ሲስተሙ ትክክል ነው የሠራው እትዬ» አለ ታሪኩን ሰምቶ። «ስሙ አንድ፣ የአባት ስም አንድ፣ ጾታው አንድ፣ የተወለደበት ቀን አንድ፣ ሆስፒታሉ አንድ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ተብሎ የተሠራ ነው።»

«አንድ ልጅ አምስት እናት አለው?»

«እሱን አልተነገረውም።»

«ለአምስት ሕፃናት ነው እኮ እኔ የወጋሁት! አምስት ካርድ ነው የሄደው!»

«ሲዋሃዱ የአምስቱም ካርድ ውጤት በአንዱ መዝገብ ላይ ያርፋል፤ የትኛው ካርድ የማን እንደሆነ ግን አይለይም። ስልክ ደግሞ የሚቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለያይልኛ!»

«እኔ ጋ ሥልጣኑ የለም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፤ እነሱ ያጸድቃሉ፤ ከዚያ . . .»

«መቼ?»

«እሱ እንኳን ገና ነው።»

«ይሄን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ እንዳልሰማው!»

ጄኔሬተሩ እንኳን ለአፍታ ዝም ያለ መሰላት። ኔትወርክ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «ደብዳቤውን አሁኑኑ እጽፋለሁ» አለ። ጻፈም። ደብዳቤው ሲሄድ ለመጠበቅ ግን እትዬ ተረከዝ አንጀት አልነበራትም። ደብዳቤ ሲፈርሙና ሲያጸድቁ አንዱ ሕፃን የሆነ ቤት ውስጥ ተኝቷል፤ እናቱም ደህና ነው ብላ ተቀምጣለች።

መዝገቡ ላይ የቀረችውን አንድ ስልክ ደወለች። አባት አነሳው። ልጁን ይዘው ለምርመራ እንዲመጡ ስትነግረው የቀረውን ሳይሰማ ዘጋው፤ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ጫማ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሕፃኑን ደም ከክንዱ ወስዶ ውጤቱን በዕለቱ ሰጠ። ደህና ነው።

«እንግዲህ ልጄ ምን ሆነ?» አለ አባት።

«ምንም አልሆነም። ተመስገን።»

«ምንም ካልሆነ ለምንድን ነው ያስሮጣችሁኝ?»

ከየት ጀምራ ትንገረው? ልጅህ ገና ስለሚባል ነው ትበለው? «ይቅርታ፣ ለማረጋገጥ ነው» አለች። ሰውየው በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አይቶ ብቻውን ተነጫነጨ።

የቀሩት እናቶች ስልክ በየራሳቸው የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ነበር፤ እናቶቹ ስም ስላላቸው ቢያንስ እነሱ አልተዋሃዱም። መዝጋቢው ሥራውን ትቶ አብሯት ፈለገ። ሦስቱ ተገኙ፤ መጡ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ ተቆጣች፣ አንዷ ደግሞ «እንኳን ጠራችሁን፣ እትብቱንም እዩልኝ» አለች። ሦስቱም ልጆች ደህና ሆኑ። እትዬ ተረከዝ ለእያንዳንዳቸው ከልቧ «ተመስገን» አለች፤ እያንዳንዱ ተመስገን ግን ክፉውን ወሬ ወደ አምስተኛዋ እናት ቤት እየገፋው ነበር።

የአምስተኛዋ ስልክ ዝግ ነው። ደጋግማ ሞከረች፤ ዝግ ነው። የቤቷ አድራሻ ላይ ሲጠየቅ ከወለደች ጀምሮ አክስቷ ዘንድ ናት ተባለ። አክስትየዋስ የት ናት? «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

«ጫማዬ ዓመት ይቆያል ብዬ ነበር» አለች እትዬ ተረከዝ ቦርሳዋን እያነሳች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ መዝጋቢው። «ሲስተሙ ሲያሳልፍልኝ ዝም ብዬ ማኅተም ያደረግሁበት እኔ አይደለሁ?»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ማለት የቤት ቁጥር አይደለም፤ ሰፈር ሙሉ ነው። ዱቄት የለበሰው ባለ ወፍጮ በግራ አላቸው፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት በቀኝ አለቻቸው፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ ከሁለቱም የተለየ መንገድ አሳያቸው። መዝጋቢው ላቡን እየጠረገ፣ «በኮምፒውተር ሲሆን እንዲህ አይደለም ብለውን ነበር እኮ» አለ። እትዬ ተረከዝ አፏን ብትከፍት የሚወጣውን ታውቀዋለች፤ ከጸሎቷ ጋር አይሄድም።

በመጨረሻ አረንጓዴ ቆርቆሮ በር አንኳኩ። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች አሮጊት ከፈተች። መዝጋቢው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀደመ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ። የሕፃን ገናን ቤት ፈልገን ነበር።»

«የማንን?»

«የገናን። ገና ገና ገና።»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ልጄ፣ እዚህ ገና የሚባል ሰው የለም። ቢኖርም ሦስት ጊዜ አይጠራም» ብላ በሩን ዘጋችው።

እትዬ ተረከዝ መዝጋቢውን በክርኗ ገፋ አድርጋ እንደገና አንኳኳች። ይህን ጊዜ እናትየዋን በስሟ ጠርታ፣ ከማዋለጃው እንደመጡ ተናገረች። አሮጊቷ አክስት እያመነታች አስገባቻቸው። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር የሕፃን ጨርቆች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እናትየዋ አልጋ ጫፍ ላይ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ልጃችን እኮ የሚያምር ስም አለው» አለች አክስትየዋ፤ የገናው ነገር አሁንም አልወጣላትም። «ደግሞ ምኑ ነው የሚመረመረው? ይሄን የመሰለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አልቅሶ አያውቅም! ካልቀሰቀሱት አይነሳም። ጎረቤት እዚህ ቤት ሕፃን መኖሩን አልሰማም። ከአሁኑ ጨዋ ነው።»

እትዬ ተረከዝ ይህን ስትሰማ ጠጋ ብላ አየችው። ፊቱ ሞላ ያለ፣ ቆዳው ወደ ብጫነት ያደላ፣ አፉ በምላሱ የተሞላ ልጅ ነው። እግሩን ስትነካው ቀዝቅዟል። ይህችን እግር ራሷ አሙቃ፣ ራሷ ወግታ፣ ወደ ቤቷ ሸኝታታለች።

ለሰው ቤት ሄዶ ልጃችሁን አምጡ ማለት ቀላል አይደለምና የሆነውን ሁሉ በቀስታ ነገረቻቸው። መዝጋቢውም የዋህ ስለሆነ ያልተጠየቀውን ጨመረበት፤ አራት ልጆች በስህተት ተጠርተው ደህና መሆናቸውን ዘርዝሮ ተናገረ። እትዬ ተረከዝ በዐይኗ ልታስቆመው ሞከረች፤ አላያትም።

አክስትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንዲህ ነው እንዴ! የአራት ሰው ጤነኛ ልጅ አስጠርታችሁ ወጋችሁ። አሁን ደግሞ አምስተኛው የእኛ ነው? ስህተቱ የእናንተ፣ መርፌው የእኛ?»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ የእትዬ ተረከዝ ንዴት እዚያ ወለሉ ላይ ተዘረገፈና ባዶ እጇን ቀረች።

«እውነትዎን ነው እማማ» አለች። «ስህተቱ የእኛ ነው። ይቅርታ ያድርጉልን። ግን እባክዎ፣ የእኛን ጥፋት እሱ እንዳይከፍልልን።» ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረች። «እናቴ፣ ጡት እንዴት ነው የሚጠባው?»

እናትየዋ ልጇን ቁልቁል እያየች፣ «አይጠባም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች አክስትየዋ።

«ሁለት ሦስቴ ስቦ ይተኛል። ጉንጩን እየነካካሁ፣ እግሩን እየኮረኮርሁ ነው የማጠባው። ላንቺ ጨዋ ነው አክስቴ፤ እኔን ግን ያስፈራኛል። ይሄው ስንት ጊዜ ትንፋሹን አዳምጫለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲያ ስታመሰግኚው እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

አሮጊቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሹራቧን አወረደችና በልጁ ላይ ደረበችለት። «እንግዲያው ምን ታስቆሙናላችሁ?» አለች ለመዝጋቢው፣ እሱ የዘገየ ይመስል። «ታክሲ ጥራ እንጂ!»

ውጤቱ በዚያው ቀን ወጣ፤ የተፈራው ነበር። የሕፃናት ሐኪሟ ክኒኗን በማንኪያ ላይ አድቅቃ፣ እናትየዋ ያለበችውን ጥቂት ወተት ጠብ አድርጋ ለሕፃኑ ሰጠችው። ግማሹን ተፋው፤ በጣቷ ጠርጋ መለሰችለት። «በየቀኑ ነው፤ አንድም ቀን እንዳይዘለል» አለች። «እንኳን አሁን ደረሳችሁ። ከዚህ በላይ ቢቆይ ነበር የሚያሰጋኝ።» እትዬ ተረከዝ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መዝጋቢው ጉንፋን ይዟታል ብሎ መሐረብ ሰጣት።

የዋናው መሥሪያ ቤት መልስ ቆይቶ መጣ። «ገና» የሚለው ቃል ከእንግዲህ በስም ቦታ እንዳይጻፍ በጥብቅ ያሳስባል። ባዶ ቦታ ማሳለፍን በተመለከተ ግን ምንም አይልም። አዋላጆቹ ትእዛዙን አከበሩና «ቆይ» ብለው መጻፍ ጀመሩ። እትዬ ተረከዝ የመጀመሪያውን «ቆይ ቆይ ቆይ» ስታይ መሳቅ አምሯት ነበር፤ አልቻለችም። ወረቀቱን አትማ ጄኔሬተሩ ጋ ሄደች።

ኔትወርክ አንብቦ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል። «ወይኔ እትዬ፣ አሁን እኔም ሰለቸኝ» አለ። በራሱ ተነሥቶ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ተመላለሰ፤ ተጨቃጨቀ፤ ይባስ ብሎ ከአንድ ኃላፊ ጋር በረንዳ ላይ እንደተሰዳደበ ተሰማ። ሲመለስ ግን ነገሩ ተስተካክሎ ነበር። የልጁ ስም ቦታ ባዶ ቢሆን ያልፋል፤ ልጁ የሚያያዘው በእናቱ የክትትል ካርድ ቁጥር ነው፤ መንትያ ከሆነ ፊተኛና ኋለኛ ተብሎ ይለያል፤ ሰው ሳያየው የሚዋሃድ መዝገብም የለም። ቀላል ነገር ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ እትዬ ተረከዝን እንደ አዲስ አናደዳት። ቢሆንም ማታ ስትጸልይ የኔትወርክን ስም ጨመረች፤ የክርስትና ስሙን ስለማታውቀው ፈጣሪ ያውቀዋል ብላ በቅጽል ስሙ ጠራችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዱን ሕፃን ተረከዝ እያሞቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው አክስት ናት።

«አንቺ ልጅ! ለመሆኑ ምንድን ነው የሰጣችሁት?»

«ምን ሆነ? ክኒኗን አቆማችሁ?»

«ምን ይቆማል! እናቱ ከእጇ ትለያታለች? እሱን አይደለም የምልሽ። ይሄ ልጅ ቤቱን በጩኸት አፈረሰው! ጡት ትንሽ ከዘገየበት ይጮሃል፣ ሲያስተኙት ይጮሃል፣ ሲነሳ ይጮሃል። ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ መጥተው ‹ሌላ ልጅ አመጣችሁ ወይ?› አሉኝ። ይኸው እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እኔ ሽማግሌ ሴት ነኝ እኮ!»

ከሴትዮዋ ድምፅ በስተጀርባ አንድ ነገር ይሰማል። የእናቲቱ ሳቅ ነው፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ።

«እማማ» አለች እትዬ ተረከዝ፤ የያዘቻትን ትንሽ እግር ሳትለቅ። «እስቲ ስልኩን ወደ እሱ ያስጠጉልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ያስጠጉልኝ እባክዎ።»

አሮጊቷ እያጉረመረመች አስጠጋችላት።